ሰፈሩ ብፌ ያለው መደርደሪያ

በዚያ ሰፈር ጣውላ አስጭኖ በዝምታ ማለፍ አይቻልም። ሌላው የዲላ ሰፈር ይቻል እንደሆነ አላውቅም፤ እዚያ ግን አይቻልም። ከሀዲጃ ሱቅ እስከ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ ያለው ሰው ዓይኑ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ዶሮ ገዝተህ ብትገባ ማን እንደመጣብህ፣ ባዶ እጅህን ብትገባ ምን እንደጎደለብህ አውቆ ያድራል። ሥርጉት በቀለ እንግዲህ በእጅ ጋሪ የዋንዛ ጣውላ ጭና የገባችው በዚህ ሰፈር መሃል ነው፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ጥቁሯን ካወለቀች ገና ብዙም ሳይቆይ።

ሥርጉትን ለማያውቃት ልንገረው። አርባዎቹን አጋምሳለች፤ አግብታ አታውቅም። በከተማው አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የትምህርት መርጃ መሣሪያ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ካርታ የምትስለው፣ ከኮምፔንሳቶ የልብና የሳንባ ቅርጽ ቆርጣ የምትቀባው፣ እግሩ የተሰበረ ዴስክ ሲመጣ የምትጠግነው እሷ ናት፤ መጋዝና መዶሻ ከእጇ አይጠፋም። ሌላው ነገሯ ድምፅ ነው። ትምህርት በራዲዮ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ የትምህርት ቤቱን ራዲዮ የምትከፍተው እሷ ነበረች፤ ያኔ የጥሩ ድምፅ ፍቅር ለከፋት፣ አልለቀቃትም። ሰው ወርቅ ሲገዛ እሷ ዕቃ በዕቃ ሰበሰበች። አንድ ሆቴል ሲዘጋ አምፕሊፋየሩን አመጣች። አንድ ሙዚቃ ቤት ወደ ሞባይል መሸጫ ሲለወጥ የካሴት ዴኩንና ኢኳላይዘሩን ወሰደች። ሸክላ ማጫወቻውንና ሁለቱን ትልልቅ ስፒከሮች ደግሞ ሐዋሳ ያለው ወንድሟ ከአንድ አገር ለቆ ከሚሄድ ሰው አገኘላት።

ዕቃው ተሟልቶ ገና ሳይገጣጠም እናቷ ታመሙ። እማማ ጸሐይ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካላቸው በኋላ ጆሯቸው ድምፅ የሚባል መሸከም አቃተው፤ የድስት ክዳን ሲወድቅ እንኳ ያለቅሱ ነበር። ሥርጉት ምን ታድርግ፣ ሁሉንም በየካርቶኑ መልሳ ከአልጋዋ ሥር ከተተችው። በሩን ቀስ፣ ወንበሩን ቀስ፣ እርምጃውን ቀስ፤ ብዙ ዓመት እንዲያ ተኖረ። ወንድምየው ለበዓል ይደውላል፣ "አይዞሽ" ይላል፣ ይዘጋል። እሷም በዚያ ቤት ሳል ሲመጣባት አፏን በነጠላዋ አፍና ነበር የምትስለው።

እማማ ጸሐይ ያረፉ ጊዜ ሰፈሩ ሙሉ ለሙሉ ግቢው ውስጥ ነበር። ድንኳን ተጣለ፣ እድሩ ወንበሩን አወጣ፣ ሴቶቹ ቆጮውንና ጎመኑን እየተቀባበሉ አቀረቡ፣ ሀዲጃ ሱቋን ዘግታ እዚያው አደረች። ይህን ሰፈር በሌላ በፈለጋችሁት ነገር እሙት፤ በለቅሶ አይታማም። ነገር ግን ለቅሶም ያልቃል። ድንኳኑ ሲነሳ ሰውም አብሮ ተነሳ። በሽተኛ እያለ እንኳ "እማማ እንዴት አደሩ?" የሚል አይጠፋም ነበር። አሁን ባል የለ፣ ልጅ የለ፣ በሽተኛም የለ፤ ምን ተብሎ ይገባል? መንገድ ላይ ሲያገኟት እጇን ጭብጥ አድርገው "በርቺ" ይሏታል፣ ያልፋሉ። ዓመቱ እንዲህ ዞረ።

ብቸኝነት ክፉ ነው፤ እኔ ምን አስውበዋለሁ። ሥርጉት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አሁንም በሩን ቀስ አድርጋ ነበር የምትከፍተው፤ የሚረበሽ ሰው እንደሌለ ትዝ የሚላት ከገባች በኋላ ነው። ራቷን ቆማ ትበላለች። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ከወጣች እስከ ማግስቱ ጠዋት አንድ ቃል ሳትናገር ታድርና፣ በማግስቱ ለዘበኛው "እንዴት አደርክ" ስትል ድምፅዋ ሻክሮ ይወጣል።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ አላስወጣ ሲላት ካርቶኖቹን ከአልጋ ሥር ጎተተቻቸው። የዲላን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሲሚንቶው ወለል ያልበዋል። ካርቶኖቹ ሥራቸው ረጥቦ ሻግቷል። አይጥ የስፒከሮቹን የፊት ጨርቅ በልታዋለች። አምፕሊፋየሩን በጨርቅ ጠርጋ ሰካችው፤ መብራቱ በራ። ደነገጠች። የሞተ ነው ብላ የቆረጠችው ነገር እንዲህ በሕይወት ሲገኝ ወለል ላይ መልሶ መጣል ነውር መሰላት። መደርደሪያ ያስፈልገዋል አለች፤ ሰፊ፣ ከባድ የሚችል፣ ከመሬት ከፍ ያለ።

እንዲህ ያለ ዕቃ በእንጨት ቤቶቹ የለም። አልጋ አለ፣ ቁም ሣጥን አለ፣ ብፌ አለ፤ የአምፕሊፋየር ማስቀመጫ ብትላቸው የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ያሳዩሃል። እሷም ራሴ እሠራዋለሁ አለችና ከመናኸሪያው ጀርባ ወደሚገኘው የፊሊጶስ እንጨት ቤት ሄደች። ፊሊጶስ የቡሌ ሰው ነው፤ ሚስትና ልጆቹ እዚያው ደጋ ናቸው፣ እሱ በየሳምንቱ ይመላለሳል። ቁጥብ ሰው ነው። ልኩን ነገረችው፣ የሚሸከመውን ነገረችው፣ እሱም ጣውላውን በጣቱ አንኳኩቶ መረጠላት።

"ዋንዛ ውሰጂ" አላት። "ደርቃለች፣ አትጣመምብሽም።"

ጣውላውን በመላጊያ እሱ ላገላት፤ መቁረጡና መግጠሙ የእሷ ነው። ጣውላው በጋሪ ሲገባ ሀዲጃ ከሱቋ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ነበር። ሀዲጃ ማለት ቤተሰቦቿ ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ እሷም ከባሏ ከሙሐሲን ጋር ሱቁን የያዘች፣ የሰፈሩ ዓይንና ጆሮ የሆነች ሴት ናት። ክፋት የላትም። ማወቅ ግን ትወዳለች።

"ዋንዛ ነው" አለችው ለሙሐሲን።

"ታዲያ ምን ይሁን?" አለ ሙሐሲን።

"ምንም አይሁን። ዋንዛ ነው አልኩ።"

ሥርጉት ሥራዋን በረንዳ ላይ ጀመረች። ከትምህርት ቤት መልስ ትራፓኖዋን ትሰካለች፣ ትበሳለች፣ በኮላና በብሎን ታያይዛለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቅርጹ ወጣ፤ ወገብ ድረስ ከፍ ያለ፣ ወደ ጎን ሰፋ ያለ፣ መደብ መደብ ያለው። ለእሷ መደርደሪያ ነው። ከመንገድ ሆኖ በአጥሩ ላይ ለሚያይ የዚያ ሰፈር ሰው ግን ብፌ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ብፌ ደግሞ በዚያ ሰፈር ዝም ብሎ አይሠራም። ትዳር ሲመሠረት ነው የሚሠራው፤ ሙሽራዋ ሲኒዋንና ብርጭቆዋን ደርድራ እንግዳ የምትቀበልበት ነው፤ እናት ናት ለልጇ የምታሠራው። የሥርጉት እናት የሉም። ታዲያ ማን ያሠራላት? ምስኪን፣ ራሷ ትሠራለች እንጂ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። እሷ ግን ግድግዳው ሻግቶ ስለነበር ሳሎኑን ቀለም ቀባች። የስፒከሮቹ ጨርቅ ስለተበላ ከሀዲጃ ሱቅ ጥቁር ከፈይ ገዛች። ሀዲጃ ለምንሽ ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችም፤ ለክታ ስትቆርጥ ከልኩ አስበልጣ ሰጠቻትና "መልካም ይሁንልሽ" አለቻት። ሥርጉት ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ተቀበለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራውን ያልሰማች እሷ ብቻ ነበረች።

ብፌ ካለ ባል አለ። ስሙን ማንም ባያውቀውም ባልየው የፍስሐ ገነት ከተማ ሰው ነው ተባለ። ቡና ነጋዴ ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹን ያደረሰ፣ ጨዋ። ዱመርሶ ካለው ቡና ማጠቢያ አጠገብ መኪናውን አቁሞ ስልክ ሲያወራ ያየው ሰው አለ ተባለ። ምን ጉድ ነው፤ ሰፈሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰውየውን ወልዶ፣ አሳድጎ፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ ለሥርጉት አዘጋጀላት።

መጀመሪያ የመጣችው ሀዲጃ ናት። አንድ አመሻሽ ላይ ሙዝና አቮካዶ በዘንቢል ይዛ በረንዳው ላይ ቆመች። ሥርጉት ብርጭቆ ወረቀት ይዛ እንጨቱን ታለሰልስ ነበር፤ ተነስታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሰው በሯ ላይ ሲቆም ምን እንደሚባል እስኪጠፋት ድረስ ተደናገረች።

"ግቢ እትዬ ሀዲጃ። ግቢ።"

ሀዲጃ ገባች። ሶፋው ላይ ተደላድላ ተቀመጠች፣ ቀለሙን አየች፣ አመሰገነች። ከዚያ ወደ በረንዳው ዞር ብላ "ጀርባውስ የታለ?" አለች።

"ጀርባ የለውም። ገመድ ይወጣበታል፣ አየርም ያስፈልገዋል።"

"ለሲኒ አየር ምን ያደርግለታል?"

ሥርጉት ሳቀች። "የሲኒ አይደለም እትዬ። የቴፕ ነው። አምፕሊፋየርና ዴክ አለኝ፣ እነሱን ላስቀምጥበት ነው።"

ሀዲጃ ፊቷን አየችው፤ ጭንቅላቷን በቀስታ ነቀነቀች። "እሺ። የቴፕ ነው። የጠየቀኝ ቢኖር የቴፕ ነው እለዋለሁ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። በዚያ ሰፈር ልታገባ የደረሰች ሴት አገባለሁ አትልም። የሰው ዓይን አለ፣ የሰው አፍ አለ፤ ቀኑ እስኪቆረጥ ትክዳለች። ሀዲጃ ራሷ ሙሐሲንን ልታገባ ሳምንት ሲቀራት "ስለ ማን ነው የምታወሩት?" ብላ ዓይኗን በጨው አጥባ ክዳለች። ስለዚህ ሥርጉት እውነቱን በተናገረች ቁጥር ወሬውን ነው ያጸደቀችው። የቴፕ ነው ብላ መማል እንኳ ብትጀምር፣ ሠርጉ ቀርቧል ማለት ነው ይሉ ነበር።

ሀዲጃ ያን ቀን ብዙ ተቀመጠች። ስለ ሙሐሲን አኩርፎ ማደር፣ ስለ ሱቁ፣ ባል ሲመጣ ወንድን እንዴት መያዝ እንደሚገባ አወራች። "ሳይደግስ አይጣላም፤ እናትሽን ወሰደ፣ ይኸው ደግሞ ሰጠሽ" ስትል ነው ነገሩ ለሥርጉት የገባት። ክው አለች። ለመመለስ አፏን ስትከፍት ሀዲጃ ወደ ሌላ ጨዋታ ዞራ ነበር። እንግዳዋን እስከ በር ሸኝታ ስትመለስ፣ ተከትላ ሄዳ ልትነግራት አሰበች። የውጭውን በር ይዛ ቆመች። ሶፋው ላይ ሀዲጃ የተቀመጠችበት ቦታ ገና እንደጎደጎደ ነው፤ ቤቱ ያን ያህል ሰዓት የሁለት ሰው ድምፅ ሰምቶ ነበር። ነገ እነግራታለሁ አለችና በሩን ዘጋች።

ነገ ደግሞ ኤልቤቴል መጣች። ኤልቤቴል ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ከጎን ግቢ ተከራይታ ነው የምትኖረው። ወጣት ናት፣ በጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የማይጠፋት። ማበጠሪያና ቅባት ይዛ መጣች።

"ፀጉርሽን ልሥራልሽ እትዬ ሥርጉት? እጄ ቀላል ነው።"

ሥርጉት ፀጉሯን ሰው ከነካላት ስንት ጊዜዋ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ራሷን ሰጠች። ኤልቤቴል እየሠራች ጥግ ላይ የተቆለለውን ዕቃ አየች፤ ይሄ ሁሉ ብረት ለምንሽ ነው፣ ዘፈን እንደሆነ ስልኬ ውስጥ ሞልቷል አለቻት። ሥርጉት ደስ ብሏት ልዩነቱን ማስረዳት ጀመረች፤ ጥሩ አምፕሊፋየር ጣት ክር ላይ ሲንሸራተት እንኳ እንደሚያሰማ፣ በስልክ ግን ያ ሁሉ እንደሚቀር።

"እሱስ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል?" አለች ኤልቤቴል።

"ማን?"

"ይቅር፣ አልጠየቅኩሽም" ብላ ሳቀችና ሹሩባውን ቀጠለች።

ያኔ መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይህን ያለ ሰው የሥርጉትን ዝምታ አላየም። በየቀኑ ውስጥ ለውስጥ ይበላት ነበር። ግን ደግሞ በየቀኑ በሩ ይንኳኳል። አንዷ ጎመን ቆርጣ ታመጣለች፣ አንዷ የምጣድ ማሰሻ ትዋሳለች፣ አንዷ እንዲሁ ታልፍና "እስቲ ልየው" ብላ ትገባለች። እድር ላይ ቦታ ይለቁላታል። መንገድ ላይ "በርቺ" የሚሏት ሰዎች አሁን ቆመው ያወሯታል። ራቷን ቁጭ ብላ መብላት ጀመረች። ደስ አላት፤ የሚያሳፍረው ይኸው ነው፣ ከልቧ ደስ አላት።

መደርደሪያው ግን ከዚያ በኋላ አላልቅ አለ። ያላለቀው አስቸግሯት አይደለም። ካለቀ ዕቃው ይቀመጥበታል፤ ዕቃው ከተቀመጠበት ብፌ አለመሆኑ ይታያል፤ ያ ከታየ በሩ አይንኳኳም። ስለዚህ ትፍቀዋለች። ያለሰለሰችውን መልሳ ታለሰልሳለች። ትናንት የቀባችውን ቫርኒሽ አልወደድኩትም ብላ ትፍቀዋለች። ያጠበቀችውን ብሎን ፈትታ ከኋላ በኩል ታስገባዋለች። ሸክላ ማጫወቻው እንዳይነቀነቅ ከባጃጅ ካላማዳሪ ቆርጣ ለእግሩ ጎማ ሠራችለት፤ ይህ እውነተኛ ሥራ ነበር፣ ሌላው ግን ቀን መግፊያ ነው።

ከሁሉ የገረማት ሌላ ነገር ነው። የፍስሐ ገነቱን ሰውዬ ማሰብ ጀመረች። እንደሌለ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ቢሆንም አንድ ቀን ካሴቶቿን ስትደረድር ክራር ይወድ ይሆን ብላ ራሷን ጠየቀች። ወዲያው ፊቷ ጋለ። ሰው ሳያያት ብቻዋን አፈረች።

ፊሊጶስ አንድ ቀን ሲያልፍ ጎራ አለ። በእንጨቱ ላይ እጁን አስኬደ፣ ማዕዘኑን አየ፣ ገፋ ገፋ አደረገው። አልተነቃነቀም።

"ይቺማ አልቃለች" አላት። "ከዚህ በላይ ከፋቅሻት ትሳሳለች።"

"ገና ናት" አለች ሥርጉት።

ፊሊጶስ መዳፉ ላይ የቀረውን የእንጨት ብናኝ አራገፈ። "ሱቁ ጋ ብፌዋ ደረሰች ወይ ብለው ጠየቁኝ። የቴፕ ናት አልኳቸው። ሳቁብኝ።" ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገ። "ንገሪያቸው ሥርጉት። ነገር ሲቆይ ይከብዳል።"

"እሺ" አለች። ልትነግራቸውም ቆርጣ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ከጸሎት ቤት ስትመለስ ሀዲጃ ሱቅ ገብታ ቁጭ ብላ ልትነግራት ወሰነች፤ ቃሉን ሁሉ ስታዘጋጅ ሰነበተች። የመጨረሻውን ቫርኒሽ ቀብታ፣ ሲደርቅ መደርደሪያውን ሳሎን አስገብታ፣ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል አቆመችው። በእጇ የሠራችው ያማረ ነገር ነበር።

ቀደሟት። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ተሰብስበው መጡ፤ ሀዲጃ ከፊት፣ ኤልቤቴል ከኋላዋ፣ የእድሩ ሴቶች ተከትለው። በሪባን የታሰረ ካርቶን ለሁለት ይዘዋል። ሥርጉት ምንድን ነው ሳትል ሀዲጃ ካርቶኑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ፈታችው። ብርጭቆ ነው፤ ከነማቅረቢያው፣ ከነማንቆርቆሪያው፣ ባለ ወርቅማ ቀለበት ሲኒ ከነሳህኑ። ሰፈሩ አዋጥቶ የገዛው ነው።

ሀዲጃ ጊዜ አላጠፋችም። ብርጭቆውን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች መደቡ ላይ መደርደር ጀመረች። ለአምፕሊፋየሩ የታሰበው መደብ ላይ ብርጭቆው አጭር ሆኖ ታየ። "ሰፊ አድርገሽዋል፣ ጎበዝ፤ ትልቅ ትሪም ይገባዋል" አለች። ሌሎቹ ከበው ያያሉ፣ ያቀብላሉ፣ ይሳሳቃሉ። ሥርጉት በሩ አጠገብ ቆማ እጆቿን አጣምራ ታያለች።

"እንግዲህ ቀኑን ንገሪን" አለች ሀዲጃ ወደ እሷ ዞራ። "ከእንግዲህ አትካጂን። እናት የለሽም፤ እኛ አለን። እኔ በእናትሽ ቦታ እቆምልሻለሁ። ከሙሐሲንም ጋር ተነጋግሬያለሁ።"

ሥርጉት ለሌላው ሁሉ ዝም ማለት ችላ ነበር። ለዚህ አልቻለችም። ሀዲጃ ከልቧ ነበር የተናገረችው፤ በእናቷ ቦታ ልትቆም ቀሚስ ሳታሰፋ አልቀረችም።

"እትዬ ሀዲጃ፣ የሚመጣ ሰው የለም።"

"ምነው፣ ተጣላችሁ?"

"አልተጣላንም። ከመጀመሪያውም አልነበረም። የቴፕ ነው ብዬሽ ነበር እኮ።"

ኤልቤቴል በእጇ የያዘችውን ሲኒ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ከእድሩ ሴቶች አንዷ "የፍስሐ ገነቱስ?" አለች።

"እሱን እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት" አለች ሥርጉት። "እኔ አላውቀውም።"

ሀዲጃ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም፤ የደከመ ነበር። "ታዲያ ዝም አልሽን? ይህን ያህል ጊዜ ስንወጣ ስንገባ፣ ዝም ብለሽ አየሽን?"

"ብነግራችሁ ትመጡ ነበር?"

የነገር አልነበረም አጠያየቋ። እውነት ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው። ሀዲጃ መልስ ፈለገች፤ ስትፈልግ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። መዋሸት የምትችል ሴት ብትሆን አዎ ብላ ትገላገለው ነበር። ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። ሌሎቹም አንዷ የነጠላዋን ጥለት፣ አንዷ መስኮቱን ታያለች።

ከዚያ በኋላ መውጣት ሆነ። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ አንዷ "መሸ" አለች። ኤልቤቴል ተረኛ ነኝ ብላ ሲኒውን መደቡ ላይ አኖረችና የሥርጉትን ትከሻ ነካ አድርጋ ወጣች። ሥርጉት ብርጭቆውን ወደ ካርቶኑ መመለስ ስትጀምር ሀዲጃ እጇን ያዘቻት።

"ተዪው። የተሰጠ አይመለስም። ለእንግዳ ይሆንሻል።" ካለች በኋላ ቃሉ ለራሷም ከበዳት መሰለኝ፤ እጇን ቶሎ አልለቀቀችም። በሩ ላይ ስትደርስ "እመጣለሁ" አለች።

"ነይ እትዬ" አለች ሥርጉት።

እንዲህ መባሉ የሰው ወግ ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል።

ሥርጉት ብርጭቆውን አንድ በአንድ አውጥታ ማድ ቤት ወሰደችው። ከዚያ ዕቃዎቿን አነሳች። አምፕሊፋየሩን አየር እንዲያገኝ ሰፊው መደብ ላይ አኖረችው፤ ዴኩንና ኢኳላይዘሩን ከሥሩ፣ ሸክላ ማጫወቻውን ከላይ። ገመዶቹን በጀርባው እያሾለከች ሰካች። መደርደሪያው ሁሉንም ቻለ፤ ሲጫን ትንሽ እንኳ አልተንቋቋም። የተለካለት ልክ ልኩን ነበር። ቃል የሌለው የክራር ካሴት አስገባችና ሶፋው መሃል ተቀመጠች።

የሁለት ስፒከር ነገር እንዲህ ነው፤ ድምፁ ልክ የሚገጥመው መሃል ላይ ነው፣ መሃሉ ደግሞ የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው። ክራሩ ቤቱን ሞላው። ጣቱ ክሩ ላይ ሲንሸራተት ተሰማት፤ መቺው በመሃል ትንፋሹን ሲስብ እንኳ ተሰማት። እነዚያን ሁሉ ዓመታት በሩን ቀስ ስትል ይሆናል ብላ ያሰበችው ሁሉ ሆኖ ነበር። "ሰማሽው?" ልትል ሀዲጃ ትቀመጥበት ወደነበረው ጎን ዞር አለች፤ ባዶ ነው።

ልቧ ተሰበረ። አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ደርቆ ተቀመጠች። በዚያ ያማረ ድምፅ መሃል ብቻዋን መሆኗ በጸጥታው ዘመን ከነበረው ብሶ ታያት። አጥፍታው ልትነሳ አሰበች፤ አላጠፋችውም። ቦታ እንደሚለቅ ሰው ከመሃሉ ተነስታ ወደ ሶፋው ጥግ ተጠጋች። ከዚያ ሲሰማ ግራው ይጎላል፣ ቀኙ ይርቃል። ካሴቱ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ጥግ ሆና ሰማች።